«የሱቄን ስም ጽፌ እንኳ አይወጣም»

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም የተላኩት በመሀል አዲስ አበባ ከሚሠሩ ሰዎች ሲሆን ጉዳያቸው ደንበኛ በኢንተርኔት ሲፈልጋቸው እንዴት ሊያገኛቸው እንደሚችል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ነገር የሚነካ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የተረከብኩትን ወርቅ ቤት ለብዙ ዓመታት ፒያሳ ስሠራበት ቆይቼ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ተዛውሬአለሁ። የቆዩ ደንበኞቼ እንዳይጠፉብኝ ብዬ ድረ ገጽ አሠራሁ። የመጀመሪያው ገጽ የሚያምር ፖስተር ነው፤ ስልካችንም፣ አድራሻችንም፣ የምንሠራቸው ጌጦችም እዚያው ላይ ተጽፈዋል። የሠራልኝ ባለሙያ «በአንድ ወር ውስጥ ጎግል ላይ አንደኛ አወጣዎታለሁ» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ተቀበለኝ፤ በብዙ የውጭ አገር ድረ ገጾች ላይ ሊንክ እንዳስገባልኝም ነገረኝ። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፤ የሱቄን ስም ጽፌ እንኳ አይወጣም። ካርታው ደግሞ ዛሬም ሰውን ወደ ቀድሞው ቦታ ይልካል። ተታልዬ ይሆን? ምንስ ላድርግ?
ወርቅ ሠሪ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስምንት ወር ጠብቀው የሱቅዎ ስም እንኳ አለመውጣቱ የሚያሳዝን ነው፤ ሆኖም ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁመው ይኸው ምልክት ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። የፍለጋ ሞተር ሥራ ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያ ሮቦት የሚባለው ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተዘዋወረ ገጾችን ይጎበኛል፤ ቀጥሎ ያነበበውን በማኅደሩ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ሰው አንድ ነገር ጽፎ ሲፈልግ ከተመዘገቡት ገጾች መካከል ይስማማሉ ያላቸውን ደርድሮ ያቀርባል። «አንደኛ መውጣት» የሚባለው የሦስተኛው እርከን ጉዳይ ነው። በገዛ ስሙ የማይገኝ ሱቅ ግን፣ ስሙን ከብዙ ድርጅቶች ጋር የሚጋራ ካልሆነ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን እርከን ያላለፈ ነው፤ ከነጭራሹ አልተመዘገበም ማለት ነው። ያልተመዘገበን ገጽ ደረጃ ለማሻሻል የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ደግሞ ከንቱ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በጎግል መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» (site) የሚለውን ቃል ጽፈው ሁለቱን ነጠብጣብ (:) ያስከትሉ፤ ከዚያ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የድረ ገጽዎን አድራሻ ይጨምሩ። ምንም ገጽ ካልመጣ ድረ ገጽዎ አልተመዘገበም ብለው መነሣት ይችላሉ። ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ በማስተካከያው ክፍል፣ ንባብን በሚመለከተው ገጽ ላይ፣ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ባለሙያዎች ሥራው ሳያልቅ ለሰው እንዳይታይ ሲሉ ምልክት ያደርጉባትና በርክክብ ጊዜ ማንሣቱን ይረሱታል። ይህች አንዲት ምልክት የስንቱን ነጋዴ ልፋት ደብቃ እንደምታስቀር ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው እሷን ያስፈትሹ። ከእሷ ቀጥሎ ሮቦቶች የትኛውን ገጽ መጎብኘት እንደሚችሉ የሚነግረው «ሮቦትስ» የተባለው ፋይል ድረ ገጹን በሙሉ ከልክሎ እንደሆነ ይታይልዎ።

ከዚያ በኋላ ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን ነፃ አገልግሎት ይክፈቱ። ድረ ገጹ የእርስዎ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የትኞቹ ገጾች እንደተመዘገቡ፣ ያልተመዘገቡትም በምን ምክንያት እንደቀሩ ይነግርዎታል፤ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ የተባለ ፋይል የሚያስገቡትም በዚሁ ነው። አጥብቄ የምመክርዎ ግን ይህ አገልግሎት በእርስዎ ኢሜይል እንዲከፈት ነው። የድረ ገጹ አድራሻም፣ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ)ም፣ የይለፍ ቃሉም በባለሙያው ስም ሆነው የቀሩበት ባለንብረት የሱቁን ቁልፍ ለሰው ሰጥቶ ደጅ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ባለሙያው ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

ተታልዬ ይሆን ላሉት፣ የባለሙያውን ሐሳብ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ የገባልዎ ቃል ግን ማንም ሊገባው የማይችል ቃል ነው። የመጀመሪያውን ቦታ ዋስትና ሰጥቶ ሊሸጥ የሚችል ሰው እንደሌለ ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መመሪያ ላይ አስፍሯል። በመደበኛው ውጤት ውስጥ ገጽን ከፍ ለማድረግ ክፍያ አይቀበልም፤ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይቀርባል። በትክክል የተሠራ ማሻሻያ እንኳ ፍሬው እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚወስድ የኩባንያው ሠራተኞች ተናግረዋል። ወደፊት ባለሙያ ሲቀጥሩ ስለ ደረጃ አይጠይቁት፤ ምን እንደሚለውጥ፣ ለምን እንደሚለውጥ በጽሑፍ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁት።

በውጭ ድረ ገጾች ላይ ስለገቡት ሊንኮች ብዙ አይጨነቁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ይዞት የተነሣው ዋና ሐሳብ፣ በምሁራን ጽሑፍ ብዙ የተጠቀሰ ሥራ እንደሚከበር ሁሉ ብዙ ሊንክ የሚያመለክተው ገጽም ክብደት ይኖረዋል የሚል ስለነበር፣ ሊንክ መሸጥና መግዛት ንግድ ሆነ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ እርምጃ የወሰደ ሲሆን ዛሬ እንዲህ ያሉትን ሊንኮች በአብዛኛው ዋጋ ሳይሰጣቸው ያልፋቸዋል። በሰርች ኮንሶል ላይ የቅጣት ማሳወቂያ ካልመጣብዎ ይተዉአቸው፤ ሌላ ግን አይግዙ። አብረዋቸው የሚሠሩ የሠርግ ልብስ ሰፊዎች ወይም ፎቶ አንሺዎች በገዛ ድረ ገጻቸው ቢጠቅስዎ ያ አንድ ሊንክ ከመቶ የተገዛ ይሻላል።

አሁን ወደ ፖስተሩ እንምጣ፤ ከመዝገቡ ቀጥሎ ትልቁ ችግር እሱ ነውና። በምስል ላይ የተሣለ ጽሑፍ ለዓይን ፊደል ቢሆንም ለፍለጋ ሞተር እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስተማምን አይደለም። የሱቁ ስም፣ ስልኩ፣ አድራሻው፣ የምትሠሯቸው ጌጦች ሁሉ በፊደል ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው፤ ምስሉ ከጎናቸው ቢሆን አይከለከልም። ለሁሉም ነገር አንድ ገጽ ከማድረግ ደግሞ ለጋብቻ ቀለበት፣ ለአንገት ሐብል፣ ለመስቀል፣ ለጥገና ለየብቻ ገጽ ይክፈቱ፤ ለእያንዳንዱም ይዘቱን የሚናገር የራሱ ርዕስ ይስጡት። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርዕስ ስለ ወርቅ ምንም አይናገርም።

ምን ልጻፍ ካሉ፣ ደንበኛ ባንኮኒዎ ላይ ተደግፎ የሚጠይቅዎትን ይጻፉ። «አሮጌ ወርቅ በአዲስ ትለውጣላችሁ?»፣ «የጠበበ ቀለበት ይሰፋል?»፣ «በ18 እና በ21 ካራት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ከእርስዎ የበለጠ የሚመልስ የለም። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት እንደመሆኑ 18 ካራት ከመቶ 75 እጁ፣ 21 ካራት ደግሞ ከመቶ 87.5 እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን በሁለት አንቀጽ ማስረዳት፣ የትኛው ለየትኛው ጌጥ እንደሚስማማ ከሙያዎ መጨመር፣ «ምርጥ ወርቅ ቤት» የሚለውን ሐረግ ሃያ ጊዜ ከመደጋገም እጅግ ይበልጣል። በገጹ ስውር ክፍል ውስጥ ቁልፍ ቃላት መደርደርን በተመለከተም ጎግል ያንን ክፍል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ገልጿል። ፎቶዎቹን ግን ከመጫንዎ በፊት ያሳንሷቸው፤ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ቢታይ መልካም እንደሆነ ጎግል ልኬት አስቀምጧል፤ የሚመዝነውም በስልክ የሚታየውን ገጽ ነው።

ካርታውን የሚያስተካክሉት ከድረ ገጹ ተለይቶ በጎግል የንግድ መገለጫ በኩል ነው። አዲስ መገለጫ አይክፈቱ፤ የቀድሞውን ባለቤትነት አረጋግጠው አድራሻውን ይለውጡ፤ ደንበኞች በፒያሳ ዘመንዎ የጻፉልዎ አስተያየት አብሮዎት ይዛወራል። ማረጋገጫ በቪዲዮ ሊጠየቁ ስለሚችሉ መንገዱን፣ ታፔላውንና የሱቁን ውስጥ የሚያሳይ ለመቅረጽ ይዘጋጁ። የከተማችን ሰው በቤት ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ቦታ ስለሚነጋገር ምልክቱን በካርታው ላይ በእጅዎ በትክክለኛው ሕንፃ ላይ ያሳርፉ፤ በድረ ገጹም ላይ «ቀድሞ ፒያሳ የነበረው» ብለው፣ ከአደባባዩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳሉ ይጻፉ። የቆየ ደንበኛዎ የሚጽፈው «ፒያሳ» ብሎ ነውና ያ ቃል ከገጽዎ መጥፋት የለበትም። የሱቁ ስም በድረ ገጹም፣ በመገለጫውም፣ በቴሌግራሙም አንድ ዓይነት ይሁን።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የትርጉምና የጽሕፈት አገልግሎት እንሰጣለን። ድረ ገጻችን ላይ ግማሾቻችን «ጽሑፍ»፣ ግማሾቻችን «ፅሁፍ» እያልን እንጽፋለን። ሰው የትኛውን ጽፎ እንደሚፈልግ ስለማናውቅ ሁሉንም አጻጻፍ በገጹ ግርጌ በነጭ ቀለም እንድንደረድር ተመክረናል። ትክክል ነው?
ተርጓሚ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ምክሩን አይቀበሉት። ለአንባቢ የማይታይ፣ ለሮቦት ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ በፍለጋ ሞተሮች ደንብ የተከለከለ ነው። ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ የፍለጋ ጉዳይም አላውቅም።

የግእዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው፣ ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለጆሯችን አንድ የሆኑት «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለኮምፒውተር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። «ጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በሦስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል ስድስት መልክ ይኖረዋል። የፍለጋ ሞተሩ ስድስቱን ሁልጊዜ እንደ አንድ ቃል ያያቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ቢሮው አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፤ እናንተ በቋንቋ የምትተዳደሩ ሰዎች ስለሆናችሁ የቃሉን ሥር የጠበቀውን ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ ያንንም በየገጹ ርዕስና በዋናው ጽሑፍ ላይ ሳታዛንፉ ተጠቀሙበት። ሰው የሚጽፈውን ደግሞ ከመገመት ይልቅ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱና ተመልከቱ፤ ገጻችሁ የታየባቸውን የፍለጋ ቃላት እስከ 16 ወር ድረስ ወደ ኋላ ያሳያችኋል። በሌላ አጻጻፍ የሚፈልጋችሁ ሰው ብዙ ሆኖ ከተገኘ፣ ደንበኞች ለሚያነሧቸው ጥያቄዎች በሚሰጥ መልስ ውስጥ ያን መልክ በግልጽ፣ ሰው እንዲያነበው አድርጋችሁ አስገቡት። በርዕስ ላይ ቃሉን ሳታረቡ አስቀምጡት፤ ፈላጊ የሚጽፈው «የሰነድ ትርጉም» ብሎ እንጂ «ሰነዶቻችሁን ስለማስተርጎም» ብሎ አይደለም።

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ከቢሮ ኮምፒውተር ተገልብጠው ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ውስጣቸው የላቲን ምልክት ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ፍለጋ አይገኙም። ጥቂት መስመር ወደ ስልካችሁ ልካችሁ እዩት፤ ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር ከሆነ እንደገና መጻፍ ወይም መቀየር አለበት። የገጾቹን አድራሻ በአማርኛ ፊደል ማድረግ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን አድራሻው ሲገለበጥ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ስለሚዘረዘር «ትርጉም» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል 36 ምልክት ይሆናል። በአጭር የላቲን ፊደል ብታደርጉት ለመላክም ይቀላል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። በቴሌግራም ቻናሌ በቂ ገዢ አለኝ። ድረ ገጽ የግድ ያስፈልገኛል?
የጨርቅ ነጋዴ፣ ከመርካቶ

መልስ፦ የግድ አይደለም። ደንበኞችዎ የሚያውቁዎት፣ ደጋግመው የሚገዙ ቸርቻሪዎች ከሆኑ ቻናሉ ይበቃዎታል፤ ድረ ገጽ የሚጠቅመው እርስዎን ገና ለማያውቅ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ለወርቅ ሠሪው የነገርናቸውን የንግድ መገለጫ ዛሬውኑ ይክፈቱ፤ ክፍያ የለውም፤ ድረ ገጽም አይጠይቅም። በመርካቶ የሱቅ ቁጥርና የገበያ ማዕከሉ ስም ካልተጻፈ ካርታ ብቻውን ሰው አያደርስምና ሁለቱንም በመግለጫው ውስጥ ያስገቡ፤ የሥራ ሰዓትዎን፣ በተለይም በበዓል ሰሞን የሚከፍቱበትን፣ እየተከታተሉ ያስተካክሉት።