ሳሎን የገባው «ዘንባባ» ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህርት ነኝ። ባለፈው ግንቦት አዲስ ቤት ስንገባ የባለቤቴ እህት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ዘንባባ ከነማሰሮው አምጥታ ሰጠችን። ከአፈሩ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ወጥተዋል፤ እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ አላቸው፤ እሾህ የለውም። ክረምቱን ደህና ከረመ። ከጥቅምት ወዲህ ግን የቅጠሎቹ ጫፍ እየደረቀ፣ የታችኞቹም እየጠወለጉ መጡ። ቅጠሉን የሚይዘው ዘንግ ቢጫ ነው፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ በጥፍሬ ብፍቀው አይለቅም። ውሃ ያነሰው መስሎኝ በየቀኑ አጠጣዋለሁ። ጎረቤቴ «አናቱን ቁረጪው፣ ያቆጠቁጣል» ትለኛለች። ለመሆኑ ይሄ የሆሳዕናው ዘንባባ ነው? ይድናል ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት መቀሱን አስቀምጪ። የዚህ ተክል እያንዳንዱ ግንድ የሚያድገው አናቱ ላይ ካለች አንዲት እምቡጥ ነው። እሷ ከተቆረጠች ግንዱ ሌላ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ቀስ ብሎ ይሞታል። ጎረቤትሽ ጽጌረዳና ጌሾ የለመደች ሴት ትሆናለች፤ ለእነሱ ምክሯ ትክክል ነው።

የሆሳዕናው ዘንባባ አይደለም። የእኛው ዘንባባ ከዘንጉ ግርጌ ያሉት ቅጠሎች ወደ እሾህ ተለውጠው ነው የሚገኙት፤ ቆርጦ ያመጣ ሰው እጁ ያስታውሰዋል። ሌላም መለያ አለው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ወደ ላይ ታጥፎ ውሃ መያዝ የሚችል ቦይ ይሠራል። ያንቺውን ጠጋ ብለሽ እዪው፤ እጥፋቱ ወደ ታች ነው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ቅርጽ ያለው። ይህን እጥፋቱን፣ በአንድ ላይ የበቀሉትን ብዙ ግንዶች፣ አንጓቸውንና ቢጫውን ዘንግ ሳስተያየው አሬካ ፓልም መሆኑን አልጠራጠርም። የተፈጥሮ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ በአዲስ አበባ አበባ ሻጮች ዘንድ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈራሽ ቢጫ ዘንግ የተክሉ የራሱ መልክ ነው። ጥቁሩም ነጠብጣብ እንዲሁ፤ ተባይ ቢሆን ኖሮ በጥፍርሽ ይነሣ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ጤነኛውን ተክል መድኃኒት ይረጭበታል። አሳሳቢው ቢጫነት የሚጀምረው ራሱ የቅጠሉ ገጽ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ከታች ያረጀ አንድ ሁለት ቅጠል ቢጫ ቢሆን ተፈጥሮ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከሥሩ ቆርጠሽ ጣዪው።

የታመመውስ? እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ብርዱንና ያንቺን ደግነት።

ማዳጋስካር ላይ ይህ ተክል ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው ጫካ ውስጥ የሚያድግ ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። አንቺ ያለሽው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ነው፤ ውርጩም ከጥቅምት እስከ ጥር ምን እንደሚሠራ አጃና ባቄላ የዘራ ሁሉ ያውቃል። ቀን ፀሐዩ ሞቅ ያደርግና ሌሊት የቆርቆሮው ቤት ሳሎን ራሱ ይበርዳል። መስኮት ሥር ከሆነ ያስቀመጥሽው፣ ሌሊት መስታወቱን የነካ ቅጠል ቀድሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ማታ ማታ ከመስኮቱና ከበር ሥር ከሚገባው ነፋስ አርቀሽ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጊው። ማሰሮውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንስተሽ ጣውላ ላይ ወይም ያረጀ ባና አጥፈሽ እሱ ላይ አድርጊው፤ ሥሩ ሲበርደው ውሃ መሳብ ያቆማል።

ውሃ የማይስብ ሥር ላይ በየቀኑ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ማበስበስ ነው። የሚገርመው ሥሩ የበሰበሰ ተክልም ልክ እንደተጠማ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ይጨምርለታል። ጣትሽን ወደ አፈሩ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፤ እርጥበት ከተሰማሽ ዝለዪው። በበጋው ብርድ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይበቃዋል። ውሃውን ከቧንቧ በቀጥታ አትስጪው፤ ቤት ውስጥ በባልዲ አሳድሪው። ደግሞ ማሰሮውን አዘንብለሽ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው እዪ። ለስጦታ የሚሸጡት የሚያብረቀርቁ ማሰሮዎች ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የላቸውም፤ ውሃው ከታች ተጠራቅሞ ይሸታል። ከሸተተሽ ተክሉን አውጥተሽ፣ ጠቁሮ የለሰለሰውን ሥር ብቻ አስወግደሽ፣ ቀዳዳ ባለው ትከዪው። ጤነኛውን ሥር ግን አትነቅንቂ፤ ይህ ተክል ሥሩ ሲነካበት ይቀየማል።

ለአፈሩ ከግቢ የቆፈርሽውን ዋልካ እንዳታመጪ። ዋልካ ሲርስ ይለነቅጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለጤፍ ይሁንለት። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና የወንዝ አሸዋ ብትደባልቂ ውሃው ያልፋል። ማዳበሪያ አሁን ምንም አትስጪው። ዩሪያ ጭምር! ሙቀቱ ሲመለስና አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ትንሽ ኮምፖስት ከላይ መነስነስ ይበቃል።

የደረቀው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም። ካስጠላሽ ቡናማውን ብቻ በመቀስ ከርክሚው፤ አረንጓዴውን ከነካሽው እንደገና ከዚያ ይደርቃል። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ የቅጠሉን ጀርባ አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ደረቅ አየር ዐይን በማያየው መጠን ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባይ ያመጣል፤ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካየሽ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቢው። ቅጠሉ እንዲያብረቀርቅ ወተትና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር አይጠቅምም። ቡና ስታፈዪም የከሰሉን ምድጃ ከአጠገቡ አርቂ፤ ቅጠሉን ይለበልበዋል።

ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥለዋል። ስስ መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ፣ ቀን ቀን ብቻ።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ከየግንዱ አናት መሃል የምትወጣውን ያልተከፈተች ቅጠል ተመልከቺ። አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነች ይድናል። ሳብ ስታደርጊያት በቀላሉ ከወጣችና ሥሯ ከሸተተ ያ ግንድ አልቋል፤ የቀሩት ግን ሊተርፉ ይችላሉ። ሌላ መግዛት ካማረሽ ኬንቲያ የሚባለውን ጠይቂ። ከአውስትራሊያ ደሴት የመጣ ነው፤ አዝጋሚ ቢሆንም ብርዱን ከአሬካ ይሻላል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት። በረንዳዬ ላይ አጭር፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ደረቅና ጫፉ የሚወጋ «ፓልም» አለኝ። ውሻዬ ግንዱን ማኘክ ለምዷል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ይሄ ሳይካስ ነው። ስሙን ፓልም ይበሉት እንጂ ከዘንባባ ይልቅ ለጥድ የቀረበ ዘመድ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች በአንድ ጊዜ ከመሃል ተጠቅልለው ከወጡ ሳይካስ መሆኑ እርግጥ ነው። ሁሉም ክፍሉ ለውሻ መርዝ ነው፤ ፍሬው ይብሳል፤ ጉበት ያጠፋል። ዛሬውኑ ውሻው በማይደርስበት ያድርጉት፤ ልጆችም ፍሬውን እንዳይነኩ። ውሻው ማኘክ ስለለመደ፣ እስኪያስመልሰው ወይም ምግብ እምቢ እስኪል አይጠብቁ፤ የተክሉን ቁራጭ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።