ዓመታዊ ካርዱን ከማደስሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ። «ለ7 ዓመት የሄድንበት የመዝናኛ ፓርክ ሪዞርት ዓመታዊ ካርዳችሁን በዚህ ሳምንት አድሱ አለን። ዋጋው ጨምሯል፣ ልጆቹ ደግሞ መሄድ ይፈልጋሉ። እናድስ ወይስ ይቅርብን?» ነው ያልሽው። ከሥር «አድሺ፣ ልጅነት አይመለስም» የሚለው መልስ ሲበዛ ዝም ማለት አቃተኝ። እኛ 11 ዓመት ደንበኛ ነበርን። 12ኛውን ያደስኩበት ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መልሴ አጭር ነው፤ እንዳታድሺ። ቢያንስ እነዚህን ሳታዪ እንዳታድሺ።

1. ካርዱ የማይሠራባቸውን ቀናት አንድ በአንድ እዪ። የካርዱን ስም አትመኚ። የእኛ ካርድ ድሮ ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። ጠዋት ተነስተን «እንሂድ?» ካልን መሄድ ነው። በኋላ ካርዶቹን በ4 ደረጃ ከፋፈሏቸው። የእኛን ካርድ ስም ለ3ኛው ደረጃ ሰጡት። ስሙ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ሥዕሉ ያው። «ለታማኝ ደንበኛችን» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ከሥሩ ማደሻ ቁልፍ አለው። አውቶብስ ውስጥ ቆሜ ነካሁት፤ የ4 ሰው ክፍያ ሄደ። ደንቡ እንደተቀየረ የሚናገረው መስመር ከታች በደቃቅ ፊደል ነበር። አልከፈትኩትም። 11 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያላስከፋኝን ቤት በምን ልጠርጥረው?

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሄድን። ቀኑ ለልጄ ልዩ ነበር። ሮለር ኮስተር የሚባለው፣ በሐዲድ ላይ የሚምዘገዘገው ትልቁ መጫወቻ በር ላይ የቁመት መለኪያ አለ። በየዓመቱ ጀርባዋን አስጠግታ ትቆማለች፣ በየዓመቱ ጥቂት ይጎድላታል። በዚያ ዓመት ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ለክተናት አልፋለች። መንገዱን ሙሉ ስለሱ ስታወራ መጣች። መግቢያው ላይ ካርዷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። ቀይ በራ። በልብሷ ጠርጋው ደገመች። ቀይ። የወንድሟም ቀይ። ከኋላችን ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ወደ እንግዶች አገልግሎት መስኮት ላኩን። 50 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ውስጥ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ካርድህ በትምህርት ቤት እረፍት አይሠራም። አፑ ላይ አለ» አለኝ። ገንዘቤን መልሱልኝ አልኩ። «አይመለስም።» 11 ዓመት ደንበኛ ነን አልኩት። ስክሪኑን አየና «እሱ እዚህ አይታይም» አለ። ቀጥሎ የቀን ትኬት ዋጋ ዝርዝር በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገልኝ። ለካርድ ባለቤቶች ትንሽ ቅናሽ አለ አለኝ። ልጄ እጄን ይዛ «አባዬ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አለችኝ። እህቴ፣ ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከፈልኩ፤ እዚያ ድረስ አምጥቻቸው እንዴት ልመልሳቸው? ሮለር ኮስተሩን ወጣችበት። ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲነሳ ግን የምታወራው ስለ ቀዩ መብራት ነው።

እኛን ብቻ የገጠመን እንዳይመስልሽ። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የድሮውን ዓመታዊ ካርድ አስቀርቶ በደረጃ የተከፋፈለ ካርድ አመጣ። ትልቁ ደረጃ የተከለከለ ቀን የለውም ተብሎ ነበር የተሸጠው። ነገር ግን አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግድ ነበር። የቀን ትኬት እየተሸጠ ለእኛ ለካርድ ባለቤቶች ቦታ የለም ተባልን ብላ አንዲት ደንበኛ ከሰሰች። ጉዳዩ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ስለዚህ «ከፍ ያለውን ደረጃ ልግዛና ልገላገል» ብለሽም አትቸኩዪ። ቦታ ማስያዝ ይፈልጋል ወይ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

2. «ሰልፍ መዝለያ ካልገዛችሁ ቀኑ ይባክናል» ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ። ይሄ ነገር ድሮ በነፃ ነበር። ዲዝኒ ፋስትፓስ የሚባለውን ሰልፍ መዝለያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀምር ትኬት ያለው ሁሉ ሳይከፍል ይወስደው ነበር፤ በ2021 በሚከፈልበት ተተካ። የእኛም ሪዞርት ያንኑ መንገድ ያዘ። እስቲ ሂሳቡን አስቢው። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,200 ሰው ያስተናግዳል እንበል። 800ው ቦታ ለከፈለ ሰው ከተሰጠ፣ ለሌላው ሰልፍ የሚተርፈው 400 ነው። መጫወቻው አልፈጠነም፣ ወንበር አልተጨመረም። ለአንቺ የሚሸጡልሽ የእኔን ተራ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ያንቺን። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ገዢው ይበዛል። ይሄ የገባኝ 90 ደቂቃ ቆመን፣ አጠገባችን ያለው መስመር ያለማቋረጥ ሲያልፈን እያየን ነው።

እኛ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገርሽ። በር ከመከፈቱ 40 ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ትልልቆቹን መጫወቻዎች በመጀመሪያው ሰዓት ያዝናቸው። ለብቻው ለሚገባ ሰው የተለየ መስመር ካለ፣ ዕድሜያቸው የፈቀደ ልጆች በዚያ ይግቡ፤ ባዶ የቀረ ወንበር ላይ ስለሚያስገቡ ቶሎ ይሄዳል። ትንሽ ልጅ ካለሽ ወላጆች ሁለቴ ሳይሰለፉ ተራ በተራ የሚገቡበትን አሠራር ጠይቂ። ብዙ ፓርኮች በነፃ ይሰጡታል፣ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም። በአንድ ጠዋት 5 ትልልቅ መጫወቻ ጨርሰናል፣ ሳንቲም ሳንጨምር። በዚህ እኮራለሁ።

3. የሪዞርቱን ሆቴል ከያዝሽ «ተካቷል» የሚለውን ቃል አጣሪ። ድሮ ፓርኪንጉ ተካቶ ነበር፣ ከኤርፖርት የሚያመጣን አውቶብስም እንዲሁ። አሁን ሁሉም ለየብቻው ይከፈልበታል። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድም ለሆቴል እንግዶቹ ያቀርበው የነበረውን ነፃ የኤርፖርት አውቶብስ በ2022 መጀመሪያ አቁሟል። ዋጋ ሲጨምር እኮ ይገባኛል። ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል፣ መጫወቻው ጥገና ይፈልጋል። ያልገባኝ ስለ አግዳሚ ወንበሩ ነው።

ከፏፏቴው አጠገብ፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ነበር። ባለቤቴ ትንሹን ጡት ያጠባችው እዚያ ተቀምጣ ነው። የመጀመሪያ ጥርሱ የወለቀውም እዚያው። ባለፈው ስንሄድ ወንበሩ የለም። በቦታው የሚያበራ ሰይፍና አረፋ የሚተፋ ሽጉጥ የሚሸጥ ጋሪ ቆሟል። ከጋሪው ጎማ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ 4 የብሎን ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ዙሪያውን ፈለግን፤ መቀመጫ ያለው ገዝተሽ የምትበዪበት ቤት ብቻ ነው። ባለቤቴ ቀዳዳዎቹን ቆማ ስታይ ቆየችና «እንሂድ» አለች። ገና 8 ሰዓት አልሆነም ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም።

4. ማስረጃ ያዢ። የካርዱን ገንዘብ ዝም ብዬ አልተውኩትም። ኢሜይሉን አልሰረዝኩትም ነበር። ቁልፉን ተጭኜ እስከ ክፍያው ድረስ እንደገና ሄድኩና እያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት አደረግኩ። የተከለከሉት ቀናት አንዱም ገጽ ላይ አልተጻፉም። 3 ደብዳቤ ጻፍኩ። ለመጀመሪያዎቹ 2ቱ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ መጣ። 3ኛውን ደብዳቤ በላክሁበት ጊዜ ለባንኬም ቅሬታ አስገባሁ። ያኔ የቀሪዎቹን ወራት ገንዘብ መለሱ። «አይመለስም» ያለኝን መስኮት ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ይቀር ነበር። አንቺም ካርድሽ በራሱ የሚታደስ መሆኑን ዛሬውኑ እዪ፤ ከሆነ አጥፊው።

ለልጆቹ ቃል ገብተሽ ከሆነ የአንድ ቀን ትኬት ግዢ፤ ትምህርት ባለበት ወቅት፣ ከሳምንቱ መሃል። ብዙ ፓርኮች ዋጋቸው እንደ ቀኑ ስለሚለያይ ካላንደሩን ከፍተሽ አወዳድሪ። ቁመታቸውንም ቤት ለኪያቸው።

የላኩልሽን ኢሜይል ስምሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፣ ደቃቁን ፊደል አብረን እናነበዋለን። የማደሻው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው ያሉሽ?