አልጋ ልብሱ መሃሉ ለምን አበጠ?

አንዲት የባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነዋሪ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ እየሰፉ ነው። 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የቆረጧቸውን ካሬዎች 12 በ12 ገጥመው ቢዘረጉት አንዱ ጎን ከሌላው በ4 ሳንቲ ሜትር በለጠ፤ መሃሉም አብጦ አልተኛ አለ። «ሁሉንም ልተርትረው ወይ?» ይላሉ። አንድ ካሬም ተበላሽቶባቸው በምትኩ ባለቤታቸው ገና የሚለብሱት ባለመስመር ሸሚዝ ላይ ዓይናቸው አርፏል። ከውስጥ ያረጀ ጋቢ ሊያስገቡበትም አስበዋል።

እህቴ፣ ሁሉንም አይተረትሩም። መጀመሪያ የጠፋውን 4 ሳንቲ ሜትር እንፈልገው። በ12 ካሬ መካከል 11 ስፌት አለ። በአንዱ አቅጣጫ ያለው ስፌት ካሰቡት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ በአንዱ ስፌት 4፣ በ11ዱ 44 ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ይኸው ተገኘ።

ለማረጋገጥ የማይፈልጓቸውን ሦስት ካሬዎች ይምረጡ። (የማይፈልጉት ቁራጭ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም የስፌት ሱቅ ከማሽኑ ሥር ብጣሽ ለቅመው ቦርሳቸው የሚከቱ ደንበኞች አሉ፤ ቀሚሳቸውን ረስተው የሚሄዱት እነሱ ናቸው።) በ1 ሳንቲ ሜትር ስፌት ሲያያይዟቸው የመሃለኛው ስፋት ልክ 13 መምጣት አለበት። ካልመጣ ከመርፌው 1 ሳንቲ ሜትር ለክተው በማሽኑ ብረት ላይ የቁስል ፕላስተር ይለጥፉ፤ የጨርቁ ጠርዝ እሱን እየታከከ ይሂድ። ሲሰፉ ዓይንዎ ፕላስተሩ ላይ ይሁን፣ መርፌው መንገዱን ያውቃል።

እብጠቱ ግን ሌላ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የሀገር ልብስ ፈትል ከቴትረን (ከሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ ጨርቅ) ጎን ለጎን ተሰፍቷል። ፈትል ሳሳ ብሎ ስለሚሸመን ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ቴትረን ንቅንቅ አይልም። በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ካውያው ራሱ ይለጥጠዋል። ስለዚህ ካውያውን ጫን አድርገው ያንሱት እንጂ አይግፉት። ለወደፊቱም ፈትሉን ሳይቆርጡ በፊት በሙቅ ውኃ ይንከሩት። ቀይ ጥለት ካለው እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ጫን ብለው ይዩት፤ ነጩን ካቀላው አልጋ ልብስዎንም ያቀላዋል።

አሁን ወደ ጥገናው። ረድፍን ከረድፍ የሚያያይዙትን ረጃጅም ስፌቶች ብቻ ይፍቱ፤ ካሬዎቹ እንደተያያዙ ይቆዩ። እያንዳንዱን ረድፍ ለክተው የብዙዎቹን ርዝመት ልክ ያድርጉት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሚያጥረው ላይ ሁለት ሦስት ስፌት ፈትተው በጠበበ ስፌት ያስረዝሙት፣ የሚረዝመውን በሰፋ ስፌት ያሳጥሩት። ሲመልሱት ሁለቱን ጫፍ፣ ቀጥሎ መሃሉን፣ ቀጥሎ ስፌት ከስፌት በስፒል ይያዙ። ትንሽ የሚረዝመው ረድፍ ከታች ይሁን፤ የማሽኑ ጥርስ የታችኛውን ቶሎ ቶሎ ስለሚስበው ትርፉን ይውጠዋል። አንዱን ረድፍ ከቀኝ ከጀመሩ ቀጣዩን ከግራ ይጀምሩ፤ አለዚያ ጠቅላላው ወደ አንድ ጎን እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ሸሚዙ ፖፕሊን (ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ልስልስ የሸሚዝ ጨርቅ) ከሆነ ለዚህ ሥራ የሚመች ጨርቅ ነው፤ ፈቃዱ ግን ከእኔ አይጠየቅም። ሱሪ ውስጥ የሚገባው የጀርባው ጫፍ አንድ ካሬ ያወጣል፤ የተቀረው ታጥፎ ቢሰፋ ሸሚዝነቱን አይለቅም።

ጋቢውን ይተዉት። ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ ሲገባ ጋቢ ያዘለ አልጋ ልብስ ማን ይለብሳል? በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ካጠቡት ሳይደርቅ ይሸታል። ያረጀ ነጠላ በመሃል፣ የታጠበ አቡጀዲ ከሥር ይበቃል። ሦስቱን ከመሃል ወደ ዳር እየደለደሉ በረጃጅም የእጅ ስፌት ለጊዜው ያያይዙ፤ ማሽኑም ከመሃል ይጀምር። ከዳር ከጀመሩ ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ተሰብስቦ ይቆይዎታል።