ቦርሳሽን ራስሽ ክፈቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ስኳር አለባት። ትምህርት ቤቷ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወደ አንድ መዝናኛ ፓርክ ሊወስዳቸው ነው፤ አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ። በር ላይ ቦርሳ እየበረበሩ ምግብና መጠጥ ያስቀራሉ ሲባል ሰምተሽ ተጨንቀሻል። «ኢንሱሊኑን ያስገቡልኛል ወይ? የግል ዕቃዬንስ ሰው ፊት መዘርገፍ ግዴታዬ ነው ወይ?» ነው ያልሽው።

እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች «አትጨነቂ፣ ያስገቡሻል» ብለውሻል። ቅን ሰዎች ናቸው። ግን የስኳር ልጅ ይዘው እዚያ በር ላይ የቆሙ አይመስለኝም። እኔ ቆሜያለሁ። አንዴ አንጀቴ አርሮ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ በኋላ ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ ገብቻለሁ። ሁለቱንም ልንገርሽ።

ስለ መርፌ አወጋግና ስለ መጠኑ አላወራሽም፤ ያንን ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ። የማወራሽ ስለ በሩ ነው።

1. ከምትከታተሉበት ሐኪም ማህተም ያለው ደብዳቤ አጽፊ። በአማርኛ ይሁን፤ ይሄን አደራ። ሐኪሞቻችን እጃቸው የለመደው እንግሊዝኛ ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ ግን ያንን የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ይቸግረዋል፤ ማንበብ ያቃተውን ደግሞ አያምንም። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ልጅቷ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን፣ ኢንሱሊን፣ ሲሪንጅ፣ የስኳር መለኪያና ጣፋጭ መጠጥ ሁልጊዜ አብሯት መሆን እንዳለበት፣ ከእነዚህ መለየቷ ለሕይወቷ አደገኛ መሆኑን ይግለጽ። ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ሁለት ቅጂ ላይ ማህተም አስደርጊ፤ አንዱ ቦርሳሽ ውስጥ፣ አንዱ መምህሯ እጅ ይሁን። ሰልፉ ላይ ብትለያዩስ?

2. ዕቃሽን ለሁለት ክፈዪው። የሕክምናው ዕቃ ውስጡ በሚታይ፣ ዚፕ ባለው ከረጢት ይሁን፤ ካጣሽ ነጭ ፌስታልም ይሆናል። የግል የሆነው፣ ሞዴሱም ቅያሪ የውስጥ ልብሱም፣ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ ከታች ይግባ። እንዲህ ካደረግሽ ፈታሹ ማየት ያለበትን ያያል፤ የማይመለከተው እንደታሰረ ይቀራል።

ይህን ለምን አጥብቄ እንደምነግርሽ ስሚኝ። አንጀቴ ባረረበት በዚያ ቀን የፓርኩ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ወንድና ሴት የሚለይ መስመር የለም። አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ አንድ ጎረምሳ ጥበቃ፣ በቃ። የልጄ የክፍል ጓደኞች ከፊትም ከኋላም አሉ፤ አባቶችም አሉ። ተራዬ ሲደርስ «ቦርሳ!» አለኝ። ሰላምታ የለም። ልከፍትለት እጄን ስሰድ ነጠቀኝና ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ማበጠሪያዬ፣ ሞዴሱ፣ የልጄ ቅያሪ ሱሪ፣ መለኪያው፣ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ፣ ሁሉም ወጣ። ሞዴሱ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ከኋላዬ የነበረ አንድ አባት አይቶ ፊቱን አዞረልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ ጥበቃው ሲሪንጆቹን አየ። አንዱን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘና «ይሄ ምንድን ነው? ምን ትወጊበታለሽ?» አለኝ፣ ጮክ ብሎ። ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማዬ፣ እዚህ አትንገሪው» አለችኝ በሹክሹክታ።

እህቴ፣ የእኔ ቁስል እዚህ ላይ ነው። ሞዴሱን እረሳዋለሁ። ልጄ ስኳር እንዳለባት ግን ከመምህሯ በቀር በክፍሏ የሚያውቅ አልነበረም። እንዳይነገር የፈለገችው ራሷ ናት። ለማን፣ መቼ እንደምትናገር መምረጥ የእሷ ነበር። ዝም ብል መድኃኒቱ ሊቀር ነው፤ ብናገር ምስጢሯ ሊወጣ ነው። ተናገርኩ። ሁሉም ሰሙ። ከዚያ በኋላ «መርፌ የምትወጋዋ» የሚል ስም ወጣላት። እስኪረሳሳ ድረስ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ታለቅስ ነበር።

በዚህም አላበቃም። ጁሱ «ከውጭ አይገባም፣ ውስጥ ግዙ» ተባለ። በወረቀት የጠቀለልኩት ስኳርም ቀረ። ሲሪንጁ «ስለት ነው» ተባለ። ኢንሱሊኑ «እስክትወጡ እዚህ ይቆይ» ተብሎ የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት! «ሙቀት ያበላሸዋል» ብል ማን ይስማኝ። «ኃላፊ ጥሩልኝ» ስል «ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ። መለኪያውን ብቻ ይዤ ገባሁ።

ልጅ ናት፤ ሮጠች፣ ዘለለች። ሩጫ ስኳር እንደሚያወርድ ታውቂያለሽ። ብዙም ሳትቆይ ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስለካት ስኳሯ ከ70 በታች ወርዷል። ስኳሩ በር ላይ ነው ያለው። መጠጥ የሚሸጥበት ቦታ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። ሻጯ የልጄን ፊት አየችና ሚሪንዳ ከፍታ አቀበለችኝ። «ብሩ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ትጠጣ» አለችኝ። ስሟን አላውቅም፤ ባሰብኳት ቁጥር እመርቃታለሁ።

ስንወጣ ብልቃጡን ሳነሳው እጄን አሞቀኝ። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፀሐይ የመታው ብልቃጥ መበላሸቱ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን አይለይም። ያንኑ ብወጋትና ባይሠራስ? ቤት ስንደርስ ጣልኩት። ያኔ ኢንሱሊን ከፋርማሲ ፋርማሲ እየዞርን የምንፈልግበት ወቅት ነበር። እነሱ ግን «ዕቃሽን መለስንልሽ አይደል?» ነው ያሉኝ።

ዝም አላልኩም። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለአስተዳደሩ አስገባሁ። ግልባጭ ላይ «ደርሶናል» አስብዬ አስፈረምኩ። ኋላ ኃላፊው ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታው የልጄን ምስጢር አይመልስም። ሆኖም ያን ስልክ ያስደወለው የተፈረመበት ግልባጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ።

3. መብትሽን እወቂ፤ ግን ለጠብ አይደለም። ፍተሻውን ራሱን አልቃወምም። ባንክ ስንገባ እንፈተሻለን። አዲስ አበባ ስንሄድ መንገድ ላይ ከመኪና ወርደን እንፈተሻለን። ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ስለትና መሣሪያ እንዳይገባ እኔም እፈልጋለሁ። ክብርን መግፈፍና መፈተሽ ግን አንድ አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን ግላዊነት ያስከብራል። ሰውነትና ንብረት እንዲሁ ከመመርመር፣ የያዝሽው ዕቃም ከመወሰድ የተጠበቀ ነው ይላል፤ ገደብ የሚደረገውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ መሠረት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 11ም ሕግ ከፈቀደው ውጭ ማንም ሰው እንዳይፈተሽ ይከለክላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ደግሞ ፖሊስ የተያዘን ሰው ሲፈትሽ እንኳ ፈታሹ ተመሳሳይ ፆታ እንዲሆን ያዛል። ተጠርጥሮ ለተያዘ ሰው ይህ ከተጠበቀለት፣ ልጇን ይዛ ልትጫወት ለመጣች እናት እንዴት አይጠበቅላትም? በክብረ በዓል ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ በር ሴትን ሴት ስትፈትሽ እናይ የለም እንዴ።

የፓርክ ጥበቃ ፖሊስ አይደለም። አልፈተሽም ካልሽ «አትገቢም» ሊልሽ ይችላል፤ ቦርሳሽን ነጥቆ መዘርገፍ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ይህን ልዩነት ያዢ።

ፍሎሪዳ የምትኖር እህቴ እዚያ ዲዝኒ ፓርኮች በር ላይ እንዴት እንደሆነ ነግራኛለች። እዚያም ፍተሻው ጠንካራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የብረት መፈተሻ በር አስገብተው ነበር። ነገር ግን የሚከለከለው ነገር አስቀድሞ ተጽፎ ይታወቃል። የጠርሙስ ዕቃ አይገባም፤ ከቤት ያመጡት ምግብ ግን ይገባል። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያኖሩበት የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍልም አላቸው። ስለዚህ «ጥብቅ ፍተሻ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትቀበዪው። ጥብቅም ሆኖ ሰው ማክበር ይቻላል።

4. በር ላይ የምትይውን አሁኑኑ አጥኚው። እኔ በኋላ ሌላ ፓርክ ስንሄድ ያልኩት ይሄን ነው፦ «ወንድሜ፣ የሕክምና ዕቃ ይዣለሁ፤ ደብዳቤው ይኸውልህ። ሴት ፈታሽ ይጠሩልኝ፤ ቦርሳዬን ራሴ እከፍታለሁ።» ይኸው ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ሰልፉ መሐል ሆነሽ ስለ ልጅሽ ሕመም አንድ ቃል አትናገሪ፤ ደብዳቤው ይናገርልሽ። ለዚህ ነው በአማርኛ ይሁን ያልኩሽ።

ያን ቀን አንዲት ሴት ፈታሽ መጣችና መጋረጃ ወዳለው ጥግ ወሰደችን። ደብዳቤውን አነበበች። ቦርሳዬን ከፍቼ ያዝኩላት። ግልጹን ከረጢት ከላይ አየችና «መርፌዎቹ ክዳን አላቸው?» ብላ ጠየቀች። የጨርቁን ከረጢት በውጭ በኩል ዳሰሰችው፤ አልፈታችውም። በቃ፣ ገባን። ልጄ እጄን ለቃ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ማንም ምንም አልጠየቃት። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ልነግርሽ አልችልም። አሁን በክትትል ቀን የምንገናኝ እናቶች ያንን ደብዳቤ እየተቀባበልን እናስጽፋለን።

ጥቃቅኑን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። ጁሱ በካርቶን ይሁን፤ ጠርሙስ ቢከለክሉ እውነት አላቸው። ለብርቱካን ብለሽ ቢላ አትያዢ፤ ቤት ልጠሽ አምጪው። ያገለገለውን መርፌ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምረሽ ይዘሽ ተመለሺ፤ ፓርኩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳትጥዪው፣ የሚያጸዳው ሰው ይወጋል። ኢንሱሊን በፍተሻ ማሽን ቢያልፍ አይጎዳም፤ ስለዚህ «ማሽን ውስጥ ይለፍ» ካሉሽ አትከራከሪ። አካል ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ወይም ፓምፕ ካላት ግን እሱ ዕቃ መፈተሻው ውስጥ አይግባ።

መንገዱንም አትርሺ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ለገጣፎ ድረስ ስንት ቦታ እንደምትቆሙ አይታወቅም። መድኃኒቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳይወጣ፤ ጭንሽ ላይ ይሁን። ሾፌሩ ፊት ያለው መስታወት ሥርም አይቀመጥ። ጠዋት ስትነሱ ደግሞ የእኛን ብርድ ታውቂዋለሽ። ውርጭ ባለበት ወቅት ከሆነ ብልቃጡን በልብስ ጠቅልዪው፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። በረዶ ላይም በቀጥታ አታስቀምጪው። ሸዋ ሮቢት ያሉ እናቶች የሚቸገሩት በሙቀቱ ነው፤ እኛ ደጋዎቹ ብርዱንም መጠበቅ አለብን።

ለርዕሰ መምህሩ አሁኑኑ ንገሪ። ትምህርት ቤቱ ትኬት ሊያስይዝ ሲደውል «የሕክምና ዕቃ የያዘች ልጅ አለች፤ ሴት ፈታሽ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅልሽ። የመለሰለትን ሰው ስም ይጻፍ። በር ላይ «ማን ፈቀደልሽ?» ሲሉሽ ስም መጥራት ትልቅ ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩ ለመምህራኑ ሁሉ እንዳያወራው ግን አስጠንቅቂው። ልጅሽንም ቀድመሽ ጠይቂያት፤ ማን እንዲያውቅ እንደምትፈልግ እሷ ትንገርሽ።

የደብዳቤውን ረቂቅ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የእኔን እልክልሻለሁ፣ ስም ቀይረሽ ታስጽፊዋለሽ። የክትትል ቀናችሁ ከጉዞው በኋላ ከሆነ ግን አትጠብቂው። ነገ በጠዋት ሂጂ፤ ከሰዓት ማህተም የያዘው ሰው ላይገኝ ይችላል።