የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለትልቁ ዓሣ አትሸልሙ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ያለን ወጣቶች ነን። ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ከተማችን ሐይቅ በሚወርደው የአንከርከሃ ወንዝ ላይ ካርፕ የተባለውን መጤ ዓሣ ለመቀነስ በጥር የማስገር ውድድር ልናዘጋጅ ነው። ትልቁን ዓሣ ላወጣ ሙክት በግ እንሸልማለን። የቀረን ነገር ካለ ንገሩን።

መልስ፦ በጉ ይቆይ፤ መስፈርቱን ግን ቀይሩት። ሽልማቱ ለትልቁ ዓሣ ከሆነ ተወዳዳሪው ትንሿን እየመለሰ ትልቁን ሲጠብቅ ይውላል። የእናንተ ዓላማ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንዱን ሽልማት ለጠቅላላ ክብደት፣ ሌላውን ለብዛት አድርጉት። ብዛት ካልተቆጠረ ጣት የምታክለዋ ካርፕ ሚዛን ስለማትደፋ ትጣላለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንዙን የምትሞላው ግን እሷ ናት። ሴት ካርፕ በየኪሎ ክብደቷ ከ100,000 በላይ ዕንቁላል ትይዛለች። ሦስት ኪሎ የምትመዝን አንዲት እናት ወጣች ማለት ከ300,000 ያላነሰ ዕንቁላል አብሮ ወጣ ማለት ነው።

ጥርን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ወንዙ ጎድሎ ዓሣው በየኩሬው ይሰበሰባል። ካርፕ የሚራባው ውሃው 18 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፣ የሚጣበቀውን ዕንቁላሉን በውሃ ውስጥ ባለ ሣር ላይ ይለጥፋል። የበልግ ዝናብ ዳርቻውን ካጥለቀለቀው በኋላ ሣሩ ሁሉ መፈልፈያ ይሆንለታል። ስለዚህ ከበልግ በፊት ጨርሱ።

ሚዛኑ ላይ ጥንቁቅ ሁኑ። ለ30 ተወዳዳሪ አንድ ሚዛን፣ ሁለት መዝጋቢና ዓሣ የሚለዩ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ተወዳዳሪዎች ቢያንስ አሥር አሥር ሜትር ተራርቀው ይቁሙ፤ የሚወረወር መንጠቆ ዓይን ያጠፋል። የተመዘነ ዓሣ ጅራቱ ወዲያው ይቆረጥ፤ አለበለዚያ ያው ዓሣ በሌላ ሰው ጆንያ ተመልሶ ይመጣል። ክብደቱ ያጠራጠረ ዓሣ ሆዱ ይከፈት፤ ድንጋይ ወይም እርሳስ የሚያጎርሱ አሉ። ዓይኑ የሰረጎደና ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይነቱን የለቀቀ ከሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ የትናንት ዓሣ ነውና አትቀበሉ።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ካርፕን በሕይወት ማጓጓዝ ነው። አንድ ሰው ለሚቀጥለው ውድድር ብሎ አምስት ዓሣ በጀሪካን ወስዶ ሌላ ምንጭ ውስጥ ቢለቅ የእናንተ ድካም ሌላ ወንዝ አበላሸ ማለት ነው። የተያዘ ካርፕ እዚያው ጭንቅላቱን በዱላ ተመትቶ ይገደል። አውስትራሊያ ውስጥ በቪክቶሪያ ግዛት የተያዘን ካርፕ በሕይወት ወደ ውሃ መመለስ በሕግ ክልክል ነው። እናንተም ይህን በውድድሩ ደንብ ላይ በጉልህ ጻፉት።

አንድ ቀን ብቻ አስግራችሁ ውጤት አትጠብቁ። የተረፉት ካርፖች ምግቡ ስለሚሰፋላቸው ቶሎ ያድጋሉ፤ ከአርዲቦም ሌላ ይወርዳል። በዚያው ኩሬ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም መዝግቡ። ለምሳሌ 30 ሰው 3 ሰዓት አስግሮ 180 ካርፕ ቢያወጣ፣ በ90 የማስገር ሰዓት 180፣ ማለትም በአንድ ሰዓት 2 ዓሣ ነው። በሦስተኛው ዙር ይህ ቁጥር ወደ 1 ከወረደ እየቀነሰ ነው። ጠቅላላ ኪሎ ብቻውን ያታልላል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ኪሎው ይበዛል።

ውድድሩን በወንዙ ወስኑት፤ ወደ ሐይቁ አታስፋፉት። ሐይቁ ውስጥ ቀረሶም ቢሆን በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባ ዓሣ ነው፤ ዛሬ ግን የአስጋሪዎች እንጀራ ሆኗል። መጤ የተባለን ሁሉ ጨርሱ ማለት የሰው ቤት ማፍረስ ነው። የአስጋሪዎቹን ማኅበርና የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ጥሯቸው፤ ፈቃዱንም ከነሱ ጠይቁ።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 አድርጉት። ብልሃርዝያ ባለበት ውሃ በሰው ቆዳ የሚገባው ትል ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ጠዋትም ቢሆን ማንም ውሃ ውስጥ ገብቶ አይቁም፤ ዳር ሆኖ መንጠቆውን ይጣል።

ጥያቄ፦ ካርፕን ከነጭ ዓሣ በምን እንለያለን? ሁለቱም ጢም አላቸው። (ከመርሳ)

መልስ፦ ለዚህ ነው ጢም የማያስተማምነው፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ጥንድ አላቸው። የጀርባውን ክንፍ ተመልከቱ። የካርፕ ክንፍ ከጀርባው መሃል ተነሥቶ ወደ ጅራቱ የሚጠጋ ረጅም ነው፤ ለስላሳ ጨረሮቹ (ክንፉን የሚዘረጉት ቀጫጭን ዘንጎች) ከ17 እስከ 22 ይሆናሉ። የነጭ ዓሣ ግን አጭርና ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጨረሩም አሥር የማይሞላ ነው። ከዚያ ጣታችሁን በካርፕ ክንፍ የፊተኛ አጥንት ኋለኛ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣል። የነጭ ዓሣው ለስላሳ ነው። ለሕፃናት ካርፖች ዋናው ምልክት የክንፉ ርዝመት ነው። መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ የሁለቱ ዓሣ ሥዕል ይለጠፍ። በስህተት የተያዘ ነጭ ዓሣ በእርጥብ እጅ ተይዞ ወዲያው ይመለስ፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ልጋጉ ተገፍፎ ቁስል ያወጣል።

ጥያቄ፦ ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ቀላል አይደለም ወይ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ አይሞከር። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል መርዝ ይዟል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ ያለውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ካርፕን ከነጭ ዓሣ አይለይም፤ ዓሣ የሚመገባቸውን ነፍሳትም አብሮ ይፈጃል። ወንዙ ባዶ ከቀረ ደግሞ ቀድሞ የሚገባበት ከላይ የሚወርደው ካርፕ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 መሠረትም በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው መንጠቆ፣ የትኛው ምግብ ይሻላል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ለትልልቁ ቁጥር 6 ወይም 8፣ ለትንንሾቹ ቁጥር 12። ክሩ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ካርፕ የሚበላው ከጭቃው ላይ እየጠባ ነው፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 20 ግራም እርሳስ አስራችሁ መንጠቆው ከእርሳሱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ መሬቱ ላይ ይረፍ። ምግቡ በቆሎ ይሁን፤ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ጥፍር እስኪገባው ቀቅሉት። ጠንክሮ ከቀረ ተሰንጥቆ ከመንጠቆው ይወድቃል። የመሬት ትል አምባዛን ስለሚጠራ ተዉት። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት በየኩሬው አንድ አንድ ጣሳ የተቀቀለ በቆሎ በትኑ፤ ዓሣው እዚያው መልመድ ይጀምራል። ከዚያ በላይ አትበትኑ፤ ያልተበላው ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ የወጣው ዓሣ ይበላል? እሾሁ ብዙ ነው፣ ጭቃ ጭቃም ይላል። (ከደሴ)

መልስ፦ ይበላል። የጭቃው ሽታ የሚመጣው በውሃና በጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ከሚያመነጩት ነገር ነው። ቆዳውን ግፈፉ፤ በጎኑ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ቁረጡ፤ የቀረውን ሎሚና ጨው ባለበት ውሃ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ለእሾሁ ደግሞ ሥጋውን ከውጭ ወደ ውስጥ በየ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትሩ በስለታም ቢላ ተልትሉት፤ እስከ መጨረሻው አትቁረጡት። ዱቄት ነስንሳችሁ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሱት። ዘይቱ በትልትሉ እየገባ ደቃቁን አጥንት ያደቀዋል፤ ከጉሮሮ አይያዝም። ዘይቱ ከቀዘቀዘ አጥንቱ እንደነበረ ይቀራል።

በወሎ ይህ ዓሣ ሌላም ጥቅም አለው። ዓሣ አይታረድምና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ቅርፊትና ክንፍ ስላለውም እንደ አምባዛ ‹‹አንበላም›› የሚለው አይበዛበትም። የውድድሩን ቀን ምሳ ከዚሁ አዘጋጁ። በረዶ ካገኛችሁ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ፤ ካጣችሁ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አቆዩትና ከቀትር በፊት ለምጣዱ አድርሱት። የሆድ ዕቃውን ወንዙ ዳር አትጣሉ፤ ከውሃው ራቅ ባለ ቦታ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ አመድ እየነሰነሳችሁ ቅበሩት።

ጥያቄ፦ ውድድሩን ከኮምቦልቻ በታች ቦርከና ወንዝ ላይ ብናደርገውስ?

መልስ፦ ለማስወገድ ካሰባችሁ ይቻላል፤ ለመብላት ግን አይሆንም። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ነውና ከዚያ የወጣ ዓሣ ወደ ድስት ሳይሆን ወደ ጉድጓድ ይሂድ።