«ለጊዜው» የምትባለዋን ቃል ጠርጥሯት

ውድ ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ስለ አፍጋኒስታን ሴት ተማሪዎች ጠይቃኝ የሰጠኋት መልስ እኔኑ ስላላረካኝ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ታሊባን እ.ኤ.አ. በ1996 ካቡልን ሲይዝ የሴቶችን ትምህርት የዘጋው ጸጥታው እስኪረጋጋ በሚል ነበር፤ እስከ ወደቀበት እስከ 2001 ድረስ አልከፈተውም። በ2021 ሲመለስም ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉት ሴቶች ለጊዜው ቤት ይቆዩ ተባለ። በመጋቢት 2022 ትምህርት ቤት ተከፈተ ተብለው ደብተራቸውን ይዘው የሄዱትን በዚያው ዕለት መለሷቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ተዘጋባቸው። እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን በ2024 መጨረሻ የነርስነትና የአዋላጅነት ሥልጠና መከልከሉ ነው። ወንድ ሐኪም ሴትን እንዳያክም በሚከለከልበት አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ፣ በሌሊት ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ የመጣች ወላድ የተቀበለ ሰው ያውቀዋል።

«ለጊዜው» የምትባለዋን ቃል እኔ የማውቃት ከቤቴ ነው። ቀይ ሽብር ጎንደርን ባስጨነቀበት በ1970 ዓ.ም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ «ይህ ክፉ ቀን እስኪያልፍ፣ ለጊዜው» ብለው ደብተሮቼን ሳጥን ውስጥ ቆለፉ። አልፈርድባቸውም፤ የጎረቤታችን ልጅ እንደ ወጣ ቀርቶ ነበር። (የሚገርመው፣ ያው የደርግ መንግሥት በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያውጅ እናቴ ፊደል መቁጠር ጀመረች፤ ማታ ማታ የማስጠናት እኔው ነበርኩ።) በሁለተኛው ዓመት «አባዬ፣ እስከ መቼ ነው? ቀኑን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ቀን መቁረጥ ሲያቅታቸው ዝም ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ዛሬም በክልላችን በግጭቱ ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋልና፣ እናንተም «ለጊዜው» ስትባሉ በትሕትና የሚከፈትበትን ቀን ጠይቁ፤ እስከዚያው ደብተራችሁ ከእጃችሁ አይውጣ። ወንዶቹም እኅታችሁ የምታጠናበት ሰዓት እንድታገኝ ጀሪካኑን ተቀበሏት።

አብራኝ ትማር የነበረች ጓደኛዬ ቁልፍ የሚሰጣት አላገኘችም፤ ደምቢያ ተዳረች። ከዓመታት በኋላ አራተኛ ልጇን ልትወልድ መጥታ ካርዷን ስሞላ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው መስመር ደረስኩ። ሳልጠይቃት፣ ቀና ብዬም ሳላያት፣ «ከዘጠነኛ ያቋረጠች» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።