«እኔ የትኛዋ እናት ነኝ?»

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሷ ድናለች፤ እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ቀን ትምህርት ቤት እየደወልኩ ደህንነቷን እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «ልጅቷን አስጨነቅሻት» ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሳልጠይቃት «ደህና ነኝ እማዬ» ማለት ጀምራለች። ጓደኛዬ ሁለት አጫጭር ልቦለዶች አዋሰችኝ፤ የጃኮብስን «የጦጣው መዳፍ» እና የዲ. ኤች. ሎረንስን የእንጨት ፈረስ ጋላቢ ልጅ ታሪክ። ካነበብኳቸው ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ የትኛዋ እናት ነኝ?

መልስ፦ ጓደኛዎ በቀና ልብ ነው ያዋሱዎት፤ ጊዜው ግን አልነበረም። አንዴ ከተነበቡ አይቀር እንጠቀምባቸው።

በጃኮብስ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1902) ባልና ሚስት ሦስት ምኞት ይፈጽማል በተባለ የደረቀ የጦጣ መዳፍ 200 ፓውንድ ይመኛሉ። ልጃቸውን የሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን ይዞት ይሞታል፤ ካሳው 200 ፓውንድ ይሆናል። እናትየው ልጇ እንዲመለስ ባሏን ታስመኘዋለች። በሩ ሲንኳኳ ከመቀርቀሪያው ጋር ትታገላለች። ባልየው ግን ልጁ በምን መልኩ እንደሚመጣ እያሰበ ተርበድብዶ፣ ሳያማክራት በመጨረሻው ምኞት ነገሩን ይዘጋዋል።

የሎረንሱ (እ.ኤ.አ. 1926) ሌላ ነው። እዚያ ቤት ገንዘብ አይበቃም፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም። ልጆቹ ቤቱ ራሱ ሲያንሾካሹክ ይሰማቸዋል። ትንሹ ፖል የእናቱን ጭንቀት የራሱ ሥራ አድርጎ ይይዘዋል። የእንጨት ፈረሱን ሲጋልብ በውድድር የሚያሸንፈው ፈረስ ስም ይገለጥለታል። ገንዘቡ ሲመጣ ሹክሹክታው ይብሳል። በመጨረሻ ልጁ ታሞ ይሞታል።

ሁለቱንም «የወላጅ እብደት» ብሎ ማለፍ ይቀናል። እኔ አይመስለኝም። የመጀመሪያዋ እናት የያዛት ሐዘን ነው፤ የሚፈራውስ ባሏ ነው። ሁለተኛዋን ፍርሃት የሚይዛት መጨረሻ ላይ ነው። ግብዣ ላይ ሳለች ልጇ አንዳች የሆነ መስሏት ወደ ቤት ትደውላለች። ሞግዚቷ «ደህና ተኝቷል» ትላታለች። ቤት ስትገባ ግን በሌሊት ፈረሱ ላይ ታገኘዋለች።

እንቅልፍ የነሳዎት ይህ ቦታ ይመስለኛል። «ስጋቷ ልክ ነበር» ብለው ይሆናል። ልክ ያደረገው ደራሲው ነው። በእኛ ኑሮ ስጋት ትንቢት አይደለም። ደውለው «ደህና ናት» ሲባሉ እፎይ ይላሉ፤ እፎይታው ግን አይቆይም። አእምሮዎ «ደህና የሆነችው ስለደወልሽ ነው» ይልና «ነገም ደውዪ» ብሎ ያዝዛል።

ስለዚህ እናቶቹን ይተዉና ፖልን ይመልከቱ። ሳይጠየቅ «ደህና ነኝ» የሚል ልጅ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ሥራው እናቱን ማረጋጋት ነው። ልጅዎ ባልተነገራት ነገር ላይ ተቀጥራለች።

ደስ የሚለው፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ጭንቀት ላለባቸው ልጆች ወላጆቻቸውን ብቻ ማሠልጠን ልጆቹን ራሳቸውን ከማከም ያላነሰ ውጤት አሳይቷል።

ከስልኩ ይጀምሩ። ችግር ካለ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲደውል ይስማሙ፤ ከዚያ እርስዎ አይደውሉ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ እጅዎ ደጋግሞ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ጭንቀቱ ከፍ ይላል፤ ዝም ብለው ከታገሡት ደግሞ ይወርዳል። የሌሊቱን ቀጥለው ይደርሱበታል። (ሐኪሟ ያዘዘው ክትትል ካለ እሱ አይነካ።)

ልጅዎን ደግሞ እንዲህ ይበሏት፦ «እኔ አንዳንዴ እፈራለሁ። ፍርሃቱ የእኔ ነው፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። አንቺ ሄደሽ ተጫወቺ።» አንዴ ብቻ፣ በአጭሩ። ደጋግመው ካስረዷት ያው ሌላ ጭንቀት ነው።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል አለኝ፦ እንደ ጃኮብስ ታሪክ ባል ሳያማክሯት ነገሩን አይዝጉ። ስልኩን መቀማት ወይም መደበቅ አይረዳም። ሌሊት ስትነሳ «ነይ፣ አብረን እንቀመጥ» ማለት ይሻላል።

የሆስፒታሉ ጊዜ አሁንም በሕልምዎ የሚመጣ፣ በቀንም በዐይንዎ ላይ ድቅን የሚል ከሆነ ግን በደብዳቤ አይጨረስም። ልጅ በጠና ከታመመ በኋላ ብዙ ወላጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ሕክምናም አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሲሄዱ ይህን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ ከየት እንደሚጀምሩ አይቸግርዎትም።